ከሐውልት ወደ መዝገብ፦ ከጨረራ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ታሪክ ከኔፕልስ እስከ ሞያሌ

የዓድዋ ጦርነት በየካቲት 1888 ዓ.ም. ሲካሄድ ራጅ ከተገኘ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየውን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነው። ወሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰ። በሜይ 1896 ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮችን ክንድ ራጅ አንስቶ በሥጋቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈለገ። በጦርነት የቆሰለ ሰው በራጅ ሲመረመር በሕክምና ታሪክ ከሚጠቀሱት የመጀመሪያው ይኸው ነው። የአገራችን ስም ከጨረራ ታሪክ ጋር የተገናኘው እንዲህ ገና ከጠዋቱ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያየው በራጁ የተነሣውን አጥንት ነበር። ከመሣሪያው ጎን ቆሞ የሚውለውን ሰው ያሰበው አልነበረም። በአሜሪካ የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ የራጅ ቱቦዎችን በገዛ እጁ ላይ እየሞከረ ኖረ፤ እጆቹ ቆሰሉ፣ ተቆረጡ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1904 በካንሰር ሞተ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክረል ራዲየም ያለበትን ትንሽ ቱቦ በሰደርያ ኪሱ ይዞ በመዞሩ ቆዳው ተቃጠለ። በቺካጎ የራጅ ቱቦ ይሠራ የነበረው ሮም ዋግነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ዘዴ ፈጠረ። ጠዋት የፎቶ ፕሌት ኪሱ ውስጥ ይከትታል፣ ማታ አጥቦ ያየዋል፤ ፕሌቱ ከጠቆረ ጨረራ አግኝቶታል ማለት ነው። ዛሬ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ባጅ የዚያ ፕሌት ልጅ ነው። ዋግነርን ግን አላዳነውም። በዓመቱ በካንሰር ሞተ።

ብሩሹን በከንፈር የሚያሾሉት ልጃገረዶች

ትልቁን ትምህርት ለዓለም የሰጡት ግን ሊቃውንት አልነበሩም፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በኒው ጀርሲ ግዛት ኦሬንጅ ከተማ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ቁጥር እንዲቀቡ ተቀጠሩ። ቀለሙ ራዲየም ነበረበት። ቁጥሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ የብሩሹ ጫፍ መሹል አለበት፤ እንዲያሾሉት የተነገራቸውም በከንፈራቸው ነው። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ይነክራሉ፣ ቁጥሩን ይቀባሉ፣ ወደ ከንፈር መልሰው ያሾላሉ። በየቀኑ ይህን ስንት ጊዜ እንደሚደጋግሙት የሚቆጥር አልነበረም። ራዲየም ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ ካልሲየም ሆኖ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። መንጋጋቸው ተበላሸ፣ ጥርሳቸው ረገፈ፣ ደማቸው መነመነ። ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1925 ምክንያቱን በሳይንስ አረጋገጠ፤ ከሴቶቹ አምስቱ ኩባንያውን ከሰው በ1928 በስምምነት ካሳ ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሮብሊ ኢቫንስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቀድሞ ቀቢዎችን እየፈለገ በአጥንታቸው ውስጥ ያለውን ራዲየም ለካ። እነማን ሠርተው ነበር? መቼ ገቡ? መቼ ወጡ? ዛሬ የት ናቸው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተገኘው የቆዩ የቅጥር ወረቀቶችንና ፎቶዎችን እየበረበሩ፣ ዘመድ እየጠየቁ ነው። ከእነዚያ ሴቶች አጥንት በተገኘው ልኬት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1941 በሰው አካል ውስጥ ሊኖር የሚችለው የራዲየም ጣሪያ 0.1 ማይክሮግራም እንዲሆን ተወሰነ። ስማቸው በሥርዓት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ፍለጋ ባላስፈለገ ነበር።

በአውሮፓ ግን የተጎጂዎቹ ስም የተጻፈው በመዝገብ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በጀርመን ሃምቡርግ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የራጅና የራዲየም ሰማዕታት ሐውልት ቆመ። ከ150 በላይ የሐኪሞች፣ የነርሶች፣ የፊዚክስ ሊቃውንትና የቴክኒሻኖች ስም ተቀረጸበት፤ ኋላም ሌሎች ተጨመሩ። ስሞቹ የተጻፉት ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ነበር። የጨረራ ጥበቃ ታሪክ በአጭሩ ሲነገር ይህን ቅደም ተከተል የመገልበጥ ትግል ነው፤ ስሙ ድንጋይ ላይ ሳይሆን፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ።

መጀመሪያ ሥልጠና፣ ከዚያ ብልቃጥ

እ.ኤ.አ. በ1928 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛ የሚፈቀደው ጣሪያ በየጊዜው ዝቅ እያለ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካን የአቶም ቦምብ ይሠሩ ለነበሩት ኧርነስት ዎላን የፊልም ባጅ አዘጋጀ፤ ሠራተኛ በየስሙ ባጅ መያዙ፣ ባጁ መነበቡ፣ ቁጥሩም በስሙ ትይዩ መጻፉ በሰፊው የተለመደው ያን ጊዜ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ራዲዮአክቲቭ ቁስ ከወታደር ቤት ወጥቶ ወደ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1946 ከአሜሪካው የኦክ ሪጅ የኑክሌር ማዕከል የወጣው የመጀመሪያው የካርቦን 14 ብልቃጥ ሴንት ሉዊስ ለሚገኝ የካንሰር ሆስፒታል ተላከ። ጠያቂው በዛ። ወዲያው ግልጽ የሆነው ነገር ቁሱን ከመላክ በፊት ተቀባዩን ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ ነው። በ1948 ኦክ ሪጅ ውስጥ የራዲዮአይሶቶፕ አያያዝ ኮርስ ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሲቋቋም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ሆነች። ኬንያ ከነጻነቷ በኋላ በ1965 ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ወደ አፍሪካ ላቦራቶሪዎች የሚመጡት ትናንሽ ብልቃጦች በዙ። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን የፈጠሩት ራዲዮኢሚውኖአሴይ የተባለው የምርመራ ዘዴ በሰፊው ተስፋፋ፤ ያሎው በዚሁ ሥራ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ዘዴው አዮዲን 125 የተባለውን ቁስ በጣም በጥቂቱ ተጠቅሞ በደም ወይም በወተት ውስጥ ያለ ሆርሞን ይለካል። ላም ማርገዝ አለማርገዟን፣ መቼ ለኮርማ እንደምትደርስ በዚህ ይታወቃል። በከብት ለሚኖር አርብቶ አደር አገር ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ይሁንና በብዙ አገሮች ብልቃጡ ከሕጉ ቀድሞ ገባ፤ ማን ምን እንደያዘ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሳይኖር ፍሪጁ ሞላ።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያመጣ ብራዚል አሳየች። በጎያንያ ከተማ አንድ የካንሰር ክሊኒክ ቦታ ሲለውጥ ሲዚየም 137 የያዘውን መሣሪያ ትቶት ሄደ፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አላስታወቀም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 ሁለት ሰዎች ፍርስራሹ ውስጥ ገብተው ዋናውን ክፍል ፈቱና ለቆርቆሮ ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ ያለው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራል። ነጋዴው አድንቆ ለዘመድ ለወዳጅ አከፋፈለው፤ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ተጫወተችበት፣ በነካካው እጇም በላች። ልጅቱን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ። ወደ 112,000 ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ፤ 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። ለዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻው አንድ ያልተላከ የማስታወቂያ ደብዳቤ ነው።

አዋጅ፣ ባጅና መዝገብ

ኢትዮጵያ ሕጓን ያወጣችው ከጎያንያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 79/1986 ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የሥራው መሠረት ሦስት ነገር ነው፦ ጨረራ አመንጪ ያለው ሁሉ ያሳውቃል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ይመረመራል። ፈቃድ የሚሰጠውም ባዶ ክፍልና መሣሪያ ስላለ ብቻ አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው፣ ኃላፊነት የተሰጠው የጨረራ ደኅንነት ባለሙያ፣ የመለኪያ ባጅና የጤና ክትትል ሊኖር ይገባል።

ሥራው ወዲያው በዛ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአገሪቱ የመጀመሪያው የኮባልት 60 የካንሰር ጨረራ ሕክምና ተጀመረ። በዚያው ዓመት በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ፕሮጀክት ተዘረጋ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በቃሊቲ የዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል ተመረቀ። እዚያ ወንዶቹ ዝንቦች በጨረራ መክነው ይለቀቃሉ፤ የሚያገኟቸው ሴቶች ፍሬ አይኖራቸውም፤ ከብት የሚጨርሰው የገንዲ በሽታ አስተላላፊው እየመነመነ ይሄዳል። በጉጂ ምድር በሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው የቀንጢቻ ታንታለም ማዕድንም ሌላ ጥያቄ አመጣ። ማዕድኑ ዩራኒየምና ቶሪየም የተቀላቀለበት ስለሆነ የተጣራው ዱቄት ሲጓጓዝ የራዲዮአክቲቭ ጭነት ደንብ ሊመለከተው ይችላል። እንግዲህ ከጨረራ ጋር የሚሠራ ሰው ነጭ ጋውን የለበሰው ብቻ አይደለም፤ ጆንያ የሚያነሣውም ነው።

ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተሻሻለ፤ የመጨረሻው የኑክሌር ጉዳይንም ጨመረ። ዛሬ ቁጥጥሩ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው።

ሥልጠናው በተግባር ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚሠራው በቀለም ነው፤ ራዲዮአክቲቭ ባልሆነ ውሃ። ጠረጴዛው ላይ ትሪ ይቀመጣል፣ ትሪው ላይ ፈሳሽ የሚመጥ ወረቀት ይነጠፋል። ጓንት ሁለት ይደረጋል። ፒፔት በአፍ መሳብ ፈጽሞ ክልክል ነው። ብልቃጡን ከፍቶ፣ ቀድቶ፣ ዘግቶ እስኪጨርስ አሠልጣኙ ሰዓት ይይዛል፤ እጁ እስኪለመድና ጊዜው እስኪያጥር ያንኑ ይደጋግማል። ምክንያቱም የጥበቃው ሥር ሦስት ነው፦ ጊዜ ማሳጠር፣ ርቀት መጨመር፣ መከለያ ማድረግ። ከአንድ ትንሽ ምንጭ ያለህን ርቀት ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ብታደርገው የሚደርስብህ ጨረራ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከዚያ ልምድ ብቻውን የማያስተምረው ይመጣል። ብዙ ሰው እርሳስ የተባለው ብረት ሁሉንም ይከልላል ብሎ ያምናል። በሞለኪውል ባዮሎጂ ሥራ ለሚገባው ፎስፈረስ 32 ግን መጀመሪያ የሚደረገው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ እርሳስ ፊት ለፊቱ ቢደረግ ከቁሱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች እርሳሱን ሲመቱ ራጅ ይፈጥራሉ። ትሪቲየም የሚያመነጨው ጨረራ ደግሞ ደካማ ስለሆነ ባጅ አያየውም፤ ሰውነት ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው በሽንት ምርመራ ነው። ባጁም ራሱ ጋሻ አይደለም። ያገኘህን ጨረራ ይነግርሃል እንጂ አይመልስልህም። ይህን ሳያውቅ ባጅ አጥልቆ የሚዘናጋ ሠራተኛ ባጅ ከሌለው የተሻለ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ጠረጴዛው፣ እጁ፣ ጫማው በመለኪያ ይፈተሻል፤ ውጤቱ ቀን ተጽፎበት ይፈረማል።

መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ብዙ ነው፦ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የሚሠራበት ቁስ ዓይነትና መጠን፣ የወሰደው ሥልጠናና የታደሰበት ቀን፣ የጤና ምርመራው፣ በየወቅቱ ከባጁ የተነበበው ልኬት። ዓለም አቀፉ ደንብ ለሠራተኛ የፈቀደው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ለሌላው ሕዝብ 1 ነው። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ በዚህ ሥራ ላይ አይሰማራም። ሴት ሠራተኛ መፀነሷን ስታሳውቅ ለፅንሱ ለሕዝብ የተቀመጠው ጥበቃ ይደረግለታል፤ ይህም ከሥራ ለማባረር ምክንያት መሆን የለበትም። መዝገቡም ሠራተኛው 75 ዓመት እስኪሞላው፣ ሥራውን ከተወ በኋላም ቢያንስ ለ30 ዓመት መቀመጥ አለበት። ካንሰር ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ፣ ያ ሰው ወይም ቤተሰቡ አንድ ቀን መጥተው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጥ ወረቀት መኖር አለበት።

ጠለቅ ያለ ትምህርት ለሚፈልጉ በጋና አክራ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በመተባበር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የአፍሪካ አገሮች የሚሰጥ የድኅረ ምረቃ ኮርስ አለ። ከዚያ የሚመለስ አንድ ሰው ሌሎችን ሊያሠለጥን ይችላል፤ ፍሬውም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ጎልቦ ላይ የሚገናኙት ሁለት ሕጎች

ኬንያ የጨረራ ጥበቃ ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ከኢትዮጵያ በአሥራ አንድ ዓመት ትቀድማለች። በ2019 ደግሞ በአዲስ የኑክሌር ቁጥጥር ሕግ ተክታዋለች። ሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ዓለም አቀፍ ደንብ ይከተላሉ፤ መዝገባቸው ግን አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ናይሮቢ ነው። የሚነካኩት በድንበር ከተማዋ ሞያሌ ላይ ነው።

ወሰኑ የተሠመረው ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1907 ባደረጉት ስምምነት ነው። ከኬንያዋ ሞያሌ ቁልቁል የተዘረጋው የጎልቦ ቆላ ግን የቦረናና የገብራ ከብት፣ ፍየልና ግመል አገር ነው፤ ሰውም ከብትም ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ሲል ኖሯል። ከኢሲዮሎ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ሲለብስ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የሞያሌን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ሲመርቁ፣ የከባድ መኪና ጉዞ ተቃለለ። ንግዱ ሲቀል በጭነት ውስጥ የሚያልፈውም ነገር ይበዛል።

ከዚህ ውስጥ አንዱ የመንገድ ሠሪዎች መሣሪያ ነው። የአስፋልትና የአፈርን ጥብቀት የሚለካው ጌጅ በአብዛኛው ሲዚየም 137ና ከቤሪሊየም ጋር የተቀላቀለ አሜሪሲየም 241 ይይዛል። በሳጥን ተቆልፎ በፒክአፕ ኋላ ይጓዛል፤ ከእጅ ሻንጣ ብዙም አይተልቅም። የሲዚየሙ ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው በ30 ዓመት፣ የአሜሪሲየሙ በ432 ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ሳጥን በቆላው ሜዳ ቢወድቅና የሚያነሣው እረኛ ልጅ ቢሆን፣ ወይም ከቆርቆሮ ጋር ተጭኖ ድንበር ቢሻገር፣ ከሁሉ በፊት የሚያድነው አንድ ነገር ነው፦ ሳጥኑ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደያዘው፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በሁለቱም በኩል ተጽፎ መገኘቱ።

እንደዚያ እረኛ አደገኛ ምንጭ ሳያውቅ ሊያገኝ ለሚችል ሰው ተብሎም አዲስ ምልክት ተሠርቷል። የቆየው ባለሦስት ክንፍ ምልክት ላልተማረ ሰው ምንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ምልክት ግን በቀይ መደብ ላይ የሚወርድ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። ከመጽደቁ በፊት ሰው በትክክል ይረዳው እንደሆነ በ11 አገሮች ተሞክሯል፤ ከእነዚያ አንዷ ኬንያ ናት። ቋንቋው ኦሮምኛም ይሁን ስዋሂሊ፣ አማርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ ሥዕሉ «ሽሽ» ይላል።

የታሪኩ የቅርብ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተከፈተ። ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያው ሮስአቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ሞስኮ ላይ ተፈራረመች። እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚጠይቀው የሠለጠነ ሰው ብዛት እስከዛሬ ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ያ ሰው የሚፈጠረው ጣቢያው ሲመረቅ አይደለም፤ ዛሬ በየሆስፒታሉና በየዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ትንሽ ብልቃጥ በሥርዓት መያዝ ያልለመደ አገር ትልቁን ሊይዝ አይችልም።

ስለዚህ የላቦራቶሪ ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ ነገ ጠዋት አንድ ነገር አድርጉ። ጨረራ አመንጪ ቁስ የሚነካውን ሰው ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛውን፣ ሾፌሩንና ለልምምድ የመጣውን ተማሪ ሳትረሱ፣ በመዝገባችሁ ላይ ፈልጉ። ያልተጻፈ ካለ ጻፉት፤ ያልሠለጠነ ካለ እስኪሠለጥን ብልቃጡን አታስነኩት። ሠራተኛ የሆንክ አንተም፣ የሆንሽ አንቺም፣ የባጃችሁን ልኬት ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ፣ ድንበርም ተሻግራችሁ ስትቀጠሩ ግልባጩን ይዛችሁ ሂዱ። በኢትዮጵያና በኬንያ በኩል ያሉት ተቆጣጣሪዎችም ሞያሌን የመጨረሻው ጣቢያ ሳይሆን መዝገባቸው የሚገናኝበት ቦታ ያድርጓት። የሠራተኛው ስም ለሐውልት እንዳይተርፍ መጻፍ ያለበት ዛሬ ነው።